ውሻዬን መቻልን ለማን ልስጠው? ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ ምከሩኝ

ቧንቧ ውሃ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤቴ ወደ አዲስ አበባ አዛውሮኛል። ያገኘሁት ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እኔም ባለቤቴም ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ውሻችንን መቻልን ይዘነው መሄድ አንችልም። እዚህ ደሴ ደግሞ የሚረከብልን ዘመድ የለም።

መቻል የጀርመን ሸፐርድ ዲቃላ ነው። ወንድ ነው፣ ሦስት ዓመቱ፣ አልተኮላሸም። ክብደቱ ወደ 35 ኪሎ ይጠጋል። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ወስዷል፣ ካርዱ እጄ ላይ ነው። ቀን ቀን ረጅም ሰንሰለት ላይ ይውላል፣ ማታ በሩ ሲዘጋ ይለቀቃል። ከኛ ጋር ፍቅር ነው። እንግዳ አይወድም። ባጃጅ ሲያልፍ ይበሳጫል። ነጎድጓድ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚገባ እንጃ፣ በረንዳ ላይ ካለው አግዳሚ ሥር ይወሸቃል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር። ዓምና የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ ሱሪ ቀዶበታል። ጥርሱ ሥጋ አልነካም። ሱሪውን ከፍለናል።

ብር አልቀበልም። ግን ቤቱን ሳላይ አላስረክብም። ምን ምን መጠየቅ እንዳለብኝ የምታውቁ ምከሩኝ።

ፒያሳ ማኪያቶ

ወንድሜ፣ የሱሪውን ነገር አውጣው። እሱን ያነበበ ሰው አይመጣልህም። ውሻ ነው፣ ሱሪ ይቀዳል። ሱሪ የማይቀድ ውሻ ምን ያደርጋል?

ኮምቦልቻዊት

እኔ እፈልገዋለሁ! ኮምቦልቻ ነኝ፣ የራሳችን ግቢ አለን። በዚህ ክረምት ሌባ ከገመድ ላይ ልብስ ወስዶብናል፣ ዶሮዎቼም ሄደዋል። ልጆቼ ደግሞ ውሻ ውሻ እያሉ ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና መራመድ ጀመረች። ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፣ እኔ ሱቅ እውላለሁ፣ ልጆቹን የምትይዝ ልጅ አለች። ቅዳሜ መጥቼ ልውሰደው?

ባቲ ሰኞ

ለእኔ ይሁን። ባቲ ሰፊ ግቢ አለኝ፣ ለጥበቃ ነው የምፈልገው። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ።

የሐይቅ ሐኪም

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እንዲህ በግልጽ የተጻፈ ነገር ካነበብኩ ቆይቻለሁ።

ፒያሳ፣ አልስማማም። የሱሪው መስመር ይቆይ። ከተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። የሚረከበው ሰው በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ ቆጣሪው የት እንዳለ፣ የሰፈር ልጅ በየት በኩል ዘው እንደሚል አስቀድሞ ያስባል። ደብቆ ከሰጠው ቀጣዩ ሱሪ ብቻ አይሆንም፣ እግር ይሆናል። ያን ጊዜ ውሻው ወይ ይመለሳል ወይ በዱላ ያልቃል።

ባቲ ሰኞ፣ ወንድሜ፣ ያንተ ችግር ግቢው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ይህ ውሻ ደሴ ብርድ ላይ ያደገ፣ ድርብ ጸጉር ያለው ውሻ ነው። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው። ባቲ ፀሐይ ላይ ሰንሰለት ላይ ውሎ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትህም። ለቆላ አጭር ጸጉር ያለው የሀገራችን ውሻ ይሻልሃል፣ እሱንም ከጥላና ከውሃ ጋር።

ኮምቦልቻዊት፣ እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጅቱ ገና ዳዴ ትታ የቆመች ናት። ቁመቷ ልክ ከውሻው አፍ እኩል ነው። ወድቃ ብትይዘው፣ ሲበላ ሳህኑን ብትነካ፣ ጅራቱን ብትረግጥ እሱ የሚያውቃት ልጅ አይደለችም። ለጨዋታ ዘሎ እንኳ ቢገፋት 35 ኪሎ ነው። ያቺ የምትይዛቸው ልጅስ ውሻ ትፈራለች ወይስ አትፈራም? ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

ኮምቦልቻዊት

ዶክተር፣ ከቤተሰብ ጋር ፍቅር ነው ብሏል እኮ። ልጅ አይወድም አላለም።

ቧንቧ ውሃ

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኛ ቤት ልጅ የለም። የእህቴ ልጆች ለበዓል ሲመጡ እሱን ጓሮ ነው የማስረው። ስለዚህ ከልጅ ጋር ሆኖ አላየሁትም። ይወዳል ብዬም አይወድም ብዬም ልምል አልችልም።

የሐይቅ ሐኪም

ያላየነው ነገር እንደሌለ አይቆጠርም። ቡችላ ሰውን፣ ልጅን፣ ዶሮን፣ ባጃጅን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዕድሜ ያላየውን ነገር ሲያድግ ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ካደገም በኋላ ይለምዳል፣ ግን በትዕግሥትና በሚያውቅ ሰው ነው። በፈረቃ የሚሠራ ቤት፣ አንድ ሕፃንና አንዲት ሠራተኛ ይዞ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሐረጎ ጠመዝማዛ

ምን ይሄ ሁሉ ለቅሶ። ማታ በመኪና ጭነህ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሐረጎ ላይ አውርደው። ራሱን ይችላል።

ሆጤ

ሐረጎ፣ አፈር ብላ እንዳልል የክሩ ባለቤት ጨዋ ሰው ነው።

የአምባሰል ልጅ

ራሱን ይችላል የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ሳህን ላይ የበላ ውሻ ሜዳ ላይ ሲጣል የመጀመሪያው ማታ የሚያገኘው ጅብ ነው። ከጅብ ከተረፈ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከባድ መኪና አለ። ከሁለቱም ካመለጠ ተመልሶ ከተማ ይገባና የቆሻሻ ገንዳ ውሻ ይሆናል። ቆይቶ የእብድ ውሻ ወሬ ሲነሳ ደግሞ ሥጋ ውስጥ መርዝ ተደርጎ ይወረወራል። ስንት ጊዜ አይተነዋል።

አንቀጽ

በሕግ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በድንገት ከእጁ አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም እንኳ። «ሐረጎ ላይ ለቅቄዋለሁ» ማለት ያድናል ብዬ አላስብም።

ለዚህ ነው ለባለጉዳዩ የምመክረው፣ ስታስረክብ በአንድ ገጽ ጻፉ። ማን ለማን፣ በስንት ቀን፣ የክትባቱ ካርድ ተያይዟል፣ ሱሪ የቀደደበት ነገር ተነግሯል። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ምስክር ይፈርም። ለበሬ ሽያጭ የምናደርገውን ለውሻ የማናደርግበት ምክንያት የለም።

ልደታ ሰፈር (አዲስ አበባ)

ይቅርታ አድርጉልኝ እና እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ውሻ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ «ቤት ቀየርኩ» ተብሎ ይሰጣል? እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ አለኝ፣ ምንም አልሆነም።

ሆጤ

እህቴ፣ ያንቺን ውሻ ዓይነት ሳላውቅ አልፈርድም። ግን 35 ኪሎ፣ እንግዳ የማይወድ ውሻ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር በየቀኑ ሲተላለፍ አስቢው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተዘግቶ ሲጮህ ደግሞ ኮሚቴው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው መጀመሪያ የሚመጣው። እንዲህ ያለ ውሻ ይዞ መሄድ ለሰውዬው ኅሊና እንጂ ለውሻው አይጠቅምም።

ደግሞ መስጠት ሁሉ መጣል አይደለም። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ሰው ደሴን ጥሎ ሲወጣ ሰንሰለት ላይ የቀሩ ውሾች ነበሩ። ማንም ላይ አልፈርድም፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። እኛ ሰፈር አንዲት እናት ከመውጣታቸው በፊት የሁሉንም ጎረቤት ውሻ ሰንሰለት እየዞሩ ፈትተዋል። ይሄ ልጅ ደግሞ ጊዜ አለው፣ ጊዜውን ተጠቅሞ ቤት እየፈለገ ነው። ምን ያድርግ?

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። በቴሌግራም ቡችላ የሚሸጡትን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሪባን አንገቷ ላይ አስረው፣ ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ «ንጹህ ጀርመን፣ 45 ቀኗ» ይላሉ። እናቷን ላያት ስትል «እናቷ ክፍለ ሀገር ናት» ይሉሃል። አንተ ራስህ ክፍለ ሀገር ሆነህ! የሚገዛው ሰውዬ ደግሞ የሚያየው ጆሮዋን ብቻ ነው፤ ይቆማል ወይስ አይቆምም። ቀን ማን ያበላታል፣ ስድስት ወር ሲሞላት ማን ይቆጣጠራታል፣ ስታረግዝ ቡችሎቹ የት ይሄዳሉ፣ አንዱም አይጠየቅም። ከዓመት በኋላ ያቺው ቡችላ አንድ ሜትር ሰንሰለት ላይ ትገኛለች። የሰንሰለቱ ማጠር ደግሞ ከሁሉም በላይ ክፉ ያደርጋታል። ከዚያ «ይቺ ውሻ ጠባይዋ ተበላሸ፣ ማን ይወስድልኛል» ይባላል።

የሐይቅ ሐኪም

ሆጤ ያልሽው ልክ ነው። እኔ ጋ በሰንሰለት ቁስል አንገታቸው የተላጠ ብዙ ይመጣሉ። 45 ቀን ደግሞ ለመለየት ገና ነው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ሲጫወቱ አንዱ አንዱን አጥብቆ ሲነክስ ተነካሹ ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። አነካከስ መመጠን የሚማሩት እዚያ ነው።

ሸዋ በር

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን አላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ውስጥ አንድ ቀርቷል፣ ጎረቤት።

ወሎ ውስጥ አንዱ አጥር የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው። የውሻ ምራቅ ልብሳችንን ከነካ ለሶላት ማጠብ አለብን። ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ይሄ ማለት ውሻ ይጠላል ማለት አይደለም። ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ ነው። ሱረቱል ከህፍ ላይም የዋሻው ሰዎች ውሻ አብሯቸው ተጠቅሷል። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ ወንጀሉ እንደተማረለት ያልሰማ ልጅ መድረሳ የለም።

እና ነገሩ ያለው አጥሩ ላይ ነው። የጋራ በርና የጋራ ቧንቧ ያለበት ግቢ ከሆነ፣ ጎረቤቱ ዉዱ አድርጎ ሲወጣ ውሻው እየዘለለ ቢልሰው በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው። ሰው ይጣላል፣ በመጨረሻ የሚመታው ውሻው ነው። ስለዚህ ቤቱን ስታይ በሩን ብቻ ሳይሆን ቧንቧውንም እይ።

ቧንቧ ውሃ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አከራያችን ሐጂ ናቸው። መቻል ሲገባ የጠየቁን ሁለት ነገር ነበር፤ ወደ በረንዳቸው እንዳይመጣ፣ የሚበላበት ዕቃ ከቧንቧው እንዲርቅ። ሌላ ቃል ተናግረውን አያውቁም። አሁን ሊሄድ ነው ስላቸው «ማታ ማን ሊጮህልኝ ነው» ብለው የተከዙት እሳቸው ናቸው።

ሸዋ በር

አብሽር፣ አላህ ያውቃል፣ ቤት አያጣም።

ኩታበር ማዶ

ለእኔ ላክልኝማ። በጎች አሉኝ፣ ጅብ መከራ አሳይቶኛል። ትልቅ ውሻ ነው የሚያስፈልገኝ።

የአምባሰል ልጅ

ኩታበር ወንድሜ፣ አባቴ በግ ጠባቂ ውሾች ነበሩት፣ የማውቀውን ልበል። የበግ ውሻ የሚሠራው ከቡችላነቱ ነው። ጉረኖው ውስጥ ይተኛል፣ ግልገል ሲወለድ ያያል፣ እረኞቹ ልጆች ቆሎ ሲበሉ ይጥሉለታል። በጉን የራሱ አድርጎ ነው የሚያየው። ይሄ ውሻ በግ ያየው ለፋሲካ ሲታረድ ብቻ ይሆናል። በግ ሲሮጥ ካየ ያባርራል፣ ካባረረ ይይዛል፣ አንዴ ከያዘ አያቆምም። ከዚያ አንተው ራስህ ትመታዋለህ።

ጅብ ደግሞ አንድን ውሻ አይፈራም፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲጮሁና ሰው ችቦ ይዞ ሲወጣ ነው የሚሸሸው። ብቻውን የቆመን ውሻ ይበላዋል፣ ሸፐርድ ሆነም አልሆነም።

ሳይንት

«ወደ ገጠር ላከው» የምትሉ ሰዎች አንድ ነገር ስሙኝ። እኔ የቦረና ሳይንት ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ደጋው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የለም፣ በጠቅላላው የቀረው ከ500 በታች ነው። ላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይም አለ። ባሌ ላይ በተለያየ ጊዜ የጨረሳቸው ከሰው ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከብቱ ግጦሽ ሲወጣ ውሻው ይከተላል፣ ቀበሮው እዚያው ነው፣ ይገናኛሉ።

የመቻል ካርድ አለ፣ ጥሩ። ግን ከተማ የተከተበ ውሻ ገጠር ከገባ በኋላ ቀጣዩን ዓመት ማን ያስከትበዋል? የሚረከበው ሰው እሱንም ይመልስ።

ፒያሳ ማኪያቶ

ካርድ ካርድ ትላላችሁ። ውሻው ካልታመመ አልታመመ ነው። የእኔ አጎት ውሻ ነክሶት ጠበል ተጠምቆ ድኗል።

የሐይቅ ሐኪም

አጎትህን እንኳን ማረልን። የነከሰው ውሻ ግን በሽታው ላይኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ የሱ መዳን ማስረጃ አይሆንም። ይሄን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

በሽታው ቫይረስ ነው፣ በምራቅ ይተላለፋል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፣ ግን በሳምንትም በዓመትም ሊመጣ ይችላል። «ወር አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ የተቀመጠ ሰው አያመልጥም። ምልክቱ አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙውን ቫይረስ የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም፣ ክትባት። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላችሁም፣ ክትባቱን ብቻ አታስቀሩ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ሰውዬው ግን አሥረኛውን ቀን አይጠብቅ፣ ክትባቱን ይጀምር።

ካርዱ ለዚህ ነው። ከአንድ ከተማ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መዛመት ያቆማል። መስከረም 18፣ ልክ የመስቀል ማግስት፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። የእብድ ውሻ ክትባትን የሠራው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። ብዙ ቦታ በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ ይደረጋል፣ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ።

ቦሩ ሜዳ ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ቦሩ ሜዳ ነው የምኖረው፣ ከባለቤቴ ጋር ሁለታችን ነን። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። ግቢው በድንጋይ የተካበ ነው፣ የራሳችን ቧንቧ ነው። ከአሁን በፊት ውሻ ነበረን፣ አርጅቶ ሞተ። ከሱ በኋላ ሌላ አላመጣንም፣ ባለቤቴ አዝናለች።

የምጠይቅህ ይህ ነው። ምንድን ነው የሚበላው? በስንት ሰዓት? ጸጉሩን ሲያበጥሩት ይቆማል? ማታ ሲለቀቅ በር ይቆፍራል ወይ? እኔ ሽበት ሰውዬ ነኝ፣ በሰንሰለት ቢስበኝ እወድቃለሁ፣ ይስባል? ቆጣሪያችን ውጭ ግንቡ ላይ ነው፣ ሰውዬው አይገባም።

ሆጤ

ይሄ ነው ጥያቄ!! እስካሁን ከመጣው ሁሉ ስለ ውሻው የጠየቀ አንድ ሰው።

ቧንቧ ውሃ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ዋናውን ይበላል። የእንጀራ ፍርፋሪ በሾርባ፣ ከሥጋ ቤት ደግሞ ሳምባና ጨጓራ እናመጣለታለን። ለማበጠር ይቆማል፣ እንዲያውም ጀርባውን ይሰጣል። ግን የኋላ እግሩ ላይ ሲደርሱ ያጉረመርማል፣ እዚያ ላይ ይተውት። አይቆፍርም። ሰንሰለት ላይ ግን ይስባል፣ በተለይ ሌላ ወንድ ውሻ ካየ። ይሄን አልደብቅዎትም።

የሐይቅ ሐኪም

ጋሼ፣ ለመሳቡ ከአንገት ይልቅ ደረት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ይሻላል፣ ፊት ለፊት የሚያያዝ ካገኙ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ቢኮላሽ ደግሞ ሴት ፍለጋ መውጣቱና ከወንድ ጋር መጣላቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ጥበቃው አይጠፋም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት፣ ቅርብ ነኝ።

ሳምባውን በተመለከተ ሁላችሁም አንብቡት። ሥጋ ቤት የሚሰጣችሁ ሳምባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ካያችሁ ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ። ውስጡ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ሰው ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ ሲበላ ያው ፊኛ ሰውዬው ጉበት ውስጥ ዓመታት ወስዶ ያድጋል፣ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩት። ደህናውንም ቢሆን ቀቅላችሁ ስጡ። የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ ይውሰድ። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ እሱ ይቅር። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊም አይስማማውም።

ፒያሳ ማኪያቶ

እኛ ቤት ውሻው ቀይ ወጥ ነው የሚበላው እኮ፣ አሁን ምን ልስጠው ነው?

የሐይቅ ሐኪም

ወጡ ከመሠራቱ በፊት የእሱን ድርሻ አውጣለት። እንጀራውን በአጥንት ሾርባ አርሰህ ስጠው፣ አጥንቱን ግን አውጣ።

ቧንቧ ውሃ

ቦሩ ሜዳ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ያለ መቻል ነው የሄድኩት። ካቡ ከኔ ትከሻ በላይ ነው። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፣ የድሮው ውሻ ቤት እዚያው ጓሮ አለ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ በላዩ ሣር ደርበውበታል። ለምን ብላቸው «ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ የድሮው ይፈራ ነበር» አሉኝ። እኔ ስለ ነጎድጓዱ ገና አላነሳሁም ነበር።

ቀጥሎ ከመቻል ጋር ሄድን። ጋሼን አይቶ ጮኸ፣ እሳቸው ዝም ብለው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ አላዩትም፣ አልጠሩትም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መጥቶ ጫማቸውን አሸተተ።

ወረቀቱን አንቀጽ እንዳለው ጽፈናል። አንድ ነገር ጨምረንበታል። ካልተስማማቸው ለሌላ ሰው ከመስጠታቸው በፊት ለእኔ ይደውላሉ።

ልደታ ሰፈር

እሺ፣ ይሄ ተዋጠልኝ።

የሐይቅ ሐኪም

ጥሩ ነው። ለማስረከቡ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልበል። ስትጭነው ሆዱ ባዶ ይሁን፣ አለዚያ መንገድ ላይ ያስመልሰዋል። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥብ አብረህ ስጥ፣ ሽታው ያረጋጋዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ላይበላ ይችላል፣ አይደንግጡ፣ ውሃ ብቻ ይጠጣ። የሚያበላው ጋሼ ራሳቸው ይሁኑ። ማታ ለመልቀቅ አይቸኩሉ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ግቢው ውስጥም በገመድ ይዘው ያዙሩት። ካብ መዝለል የሚሞክረው በዚያ ጊዜ ነው፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ሊመለስ።

አንተ ደግሞ ናፈቀኝ ብለህ በሳምንቱ እንዳትሄድ። ይልመድ መጀመሪያ።

ኮምቦልቻዊት

ለመቻል ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ሌባውን ምን ላድርገው? ልጆቹም እስኪያድጉ ልጠብቅ?

የአምባሰል ልጅ

እህቴ፣ ሌባን የሚያባርረው ጥርሱ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። ትንሽ የሀበሻ ውሻ ከሸፐርድ እኩል ይጮሃል፣ ሩብ ያህል ይበላል፣ ሙቀቱንም ይችላል።

የሐይቅ ሐኪም

እስማማለሁ። እኔ ብሆን ቡችላ አልመርጥልሽም። ሕፃንና ቡችላ ባንድ ላይ ማሳደግ ሁለት ሕፃን ማሳደግ ነው፣ ሥራው ደግሞ በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ያሉበት ቤት ያደገች፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ውሻ ፈልጊ። ጠባይዋ ስለታወቀ መገመት የለም። ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሲቀርቧት ጅራቷን እግሯ መሃል ከከተተች ወይም ቀጥ ብላ ከደረቀች ተያት። ካላመከንሻት በየስድስት ወሩ ገደማ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በርሽ ላይ ያድራል፣ ስለዚህ እሱን ከመጀመሪያው አስቢበት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ መዥገርም ይበዛል፣ ጆሮዋን ውስጡንና የእግር ጣቶቿን መሃል በየሳምንቱ እዪ።

ኮምቦልቻዊት

ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት እናት ያለቻቸው ውሻ እንዲህ ዓይነት ናት፣ ልጅ ይጋልባታል ማለት ይቻላል። እሳቸው ወደ ከሚሴ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ክትባቷን ግን እንጃ።

የሐይቅ ሐኪም

ካርድ ከሌላት እንዳልተከተበች ቁጠሪያት። ግቢሽ ከመግባቷ በፊት አስከትቢያት፣ የትል መድኃኒትም ትውሰድ። ከክትባቱ በኋላ መከላከያው እስኪጠነክር አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከግቢ አታስወጪያት።